መዝገቡ በዮም ኪፑር ይዘጋል? ስለ ፍርድና ስለ ዕለት ጸሎት የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን «አይሁድ ለምን በየቀኑ ይጸልያሉ?» የሚል ጽሑፍ በፌስቡክና በቴሌግራም በሰፊው ሲዘዋወር ነበር። ለእኔም ከአዲስ አበባም፣ ከዋሽንግተንም፣ እዚሁ እስራኤል ካሉ ዘመዶቼም ተልኮልኛል። ጸሐፊው ብዕራቸው ይስባል፤ ስድብም የለበትም። ብዙ ሰው አምኖ ቢያጋራው አይገርምም። መደምደሚያቸው ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ፤ በቀን ሦስት ጊዜም እጸልያለሁ። ስለ ጸሎታችን እንዲህ ሲባል እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የእሳቸውን ሐሳብ ሳልሸራርፍ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ በአይሁድ እምነት የሰው ዕጣ የሚወሰነው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በሮሽ ሃሻና (በአይሁድ አዲስ ዓመት) ይጻፋል፣ በዮም ኪፑር (በማስተሰረያው ቀን) ይታተማል። ከዚያ በኋላ ያለው ጸሎት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ማስረጃው ደግሞ ጸሎቱ ራሱ ነው፤ በየቀኑ ያው ቃል ተደጋግሞ ይነበባል እንጂ ልመና አይደለም። ቀጥለው ከባድ ጥያቄ ያነሳሉ። ፈራጁ ፍጹም ከሆነ ፍርዱን በጸሎት እንዴት ይለውጣል? ከለወጠ የመጀመሪያው ፍርድ ስህተት ነበር ማለት ነው። ካልለወጠ የጸሎት ትርፉ ድካም ነው። ከዚህ ተነስተው የአይሁድ አምላክ ዳኛ ብቻ ነው፣ አባትነቱ አይታይም ይላሉ። በመጨረሻ ቤተ እስራኤልን ምስክር ይጠራሉ፦ ታልሙድ (የረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ስላልነበራቸው ዓመታዊ ፍርድ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የረቢዎች ፈጠራ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና።

በሮሽ ሃሻና ተጽፎ በዮም ኪፑር ስለሚታተም ፍርድ የሚናገር ትምህርት በእርግጥ አለ። በታልሙድ ረቢ ዮሐናን ሦስት መዝገቦች ይከፈታሉ ብለዋል። አንዱ የፍጹም ጻድቃን፣ አንዱ የፍጹም ኃጥአን፣ አንዱ የመካከለኞች ነው። የሁለቱ ወዲያው ይወሰናል። የመካከለኞቹ እስከ ዮም ኪፑር ይቆያል። በበዓሉ ሰሞን ሰዎች ሲገናኙ መልካም ማኅተም የሚመኛኙት ከዚህ ተነስተው ነው። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ችግሩ አንዱን ገጽ አንብበው ከጎኑ ያለውን መዝለላቸው ነው። «ሮሽ ሃሻና» የተባለው የሚሽና (ታልሙድ የሚያብራራው የሕግ መጽሐፍ) ክፍል ገና ከመጀመሪያው ዓለም በአራት ወቅት ይፈረዳል ይላል። በፋሲካ ስለ እህል፣ በሻቩዖት (በሳምንታት በዓል) ስለ ዛፍ ፍሬ፣ በሮሽ ሃሻና ስለ ሰው ሁሉ፣ በሱኮት (በዳስ በዓል) ስለ ውሃ። እንግዲህ ሚሽናው ራሱ ፍርድን አንድ ቀን ላይ አልቆለፈውም። ታልሙድ ይህን ሲያብራራ ደግሞ የአራት ሊቃውንት ክርክር ያመጣል። ረቢ መኢር ሁሉም በሮሽ ሃሻና ይፈረዳል፣ በዮም ኪፑር ይታተማል ይላሉ። ረቢ ይሁዳ ሁሉም በሮሽ ሃሻና ቢፈረድም የእያንዳንዱ ውሳኔ በየወቅቱ ይታተማል ይላሉ። ረቢ ዮሴ ሰው በየቀኑ ይፈረዳል ይላሉ። ረቢ ናታን ደግሞ በየሰዓቱ ይላሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ የሚጠቅሱት አንድ ጥቅስ ነው፤ ኢዮብ 7፥18። ኢዮብ እዚያ ላይ እግዚአብሔር ሰውን በየማለዳው እንደሚጎበኘው፣ በየቅጽበቱም እንደሚፈትነው ይናገራል። አንዱ ሊቅ የጥቅሱን የመጀመሪያ ግማሽ ያዘ፣ ሌላው ሁለተኛውን።

ስለዚህ ጸሐፊው «የአይሁድ እምነት» ብለው ያቀረቡት ከአራት አስተያየቶች አንዱን፣ የረቢ መኢርን ብቻ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የባቢሎን መምህር የነበሩት ራቭ ዮሴፍ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ዛሬ ለበሽተኞችና ለደካሞች የምንጸልየው በማን አስተያየት ነው? ራሳቸው ይመልሳሉ፦ በረቢ ዮሴ። ፍርድ በየቀኑ ነውና በየቀኑ ይጸለያል። እንግዲህ የጸሐፊው ጥያቄ ከ1,500 ዓመት በላይ በሆነ ጽሑፍ ውስጥ ተጠይቆ ተመልሷል። ሁለተኛ መልስም አለ። ከረቢ ዮሴ ጋር ባንስማማ እንኳ የረቢ ይስሐቅ ቃል አለ፦ ጩኸት ለሰው ከፍርዱ በፊትም ከፍርዱ በኋላም ይጠቅመዋል። ሁለቱን መልሶች አንድ ላይ አንብቧቸው። በየትኛውም አስተያየት ብትሄዱ የዕለት ጸሎት አይወድቅም። ታልሙድ ክርክሩን ሳይዘጋው ያለፈው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህ የትምህርት ቤት ክርክር ብቻ ነው የሚል ካለ ሕዝቡ ሲቸገር ምን ያደርግ እንደነበር ይመልከት። «ታዕኒት» የተባለው የሚሽና ክፍል ስለ ድርቅ ጾም ይናገራል። ዝናብ ከሱኮት ቀጥሎ ባለው ወር፣ እስከ ሔሽቫን 17 ካልጣለ መጀመሪያ የተመረጡ ሰዎች ይጾማሉ። ቀጣዩ የኪስሌቭ ወር ገብቶም ካልጣለ ፍርድ ቤቱ በሕዝቡ ሁሉ ላይ ሦስት ጾም ያውጃል። ከዚያም እየከፋ ከሄደ ኦሪቱ ያለበት ሣጥን ወደ ከተማው አደባባይ ይወጣል፤ አመድ ይነሰነስበታል። በሕዝቡ አለቃና በዳኛው ራስ ላይም አመድ ይደረጋል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ ይገስጻል። ወንድሞቻችን፣ ይላል፣ ስለ ነነዌ ሰዎች እግዚአብሔር ማቃቸውንና ጾማቸውን አየ አልተባለም፤ ሥራቸውን አየ፣ ከክፉ መንገዳቸው እንደተመለሱ አየ ነው የተባለው።

አሁን ቀኖቹን አስሏቸው። በሚሽና የውሃ ፍርድ በሱኮት ነው። ሱኮት የሚውለው ሮሽ ሃሻና በሚውልበት በቲሽሪ ወር አጋማሽ ነው። የሕዝቡ ጾም የሚታወጀው ከዚያ አንድ ወር ከምናምን ቆይቶ ነው። ፍርድ ከወጣ በኋላ መለመን ከንቱ ቢሆን ኖሮ፣ የውሃ ፍርድ በሱኮት ነው ያለው ያው ሚሽና በኪስሌቭ ሕዝቡን ለምን ያስጾማል? ጸሐፊው ለዚህ መልስ የላቸውም፤ ጽሑፋቸው ጥያቄውን አያነሳውም።

ዝናብ ከተነሳ አንድ ሌላ ቦታ ልጥቀስ፤ እኔ በጣም የምወደው ነው። ታልሙድ እንዲህ ይላል። ሕዝቡ በሮሽ ሃሻና ፍጹም ክፉ ነበሩ፤ ትንሽ ዝናብ ተፈረደባቸው። በኋላ ንስሐ ገቡ። አሁን ዝናቡን መጨመር አይቻልም፤ ፍርዱ ወጥቷል። ግን እግዚአብሔር ያችኑ ትንሽ ዝናብ በወቅቷ፣ በሚያስፈልጋት መሬት ላይ ያወርዳታል። ተቃራኒውም አለ። ጥሩ ሆነው ብዙ ዝናብ ተፈረደላቸው፤ በኋላ ከፉ። ዝናቡ አይቀነስም። ግን ያለ ወቅቱ፣ በማያስፈልገው መሬት ላይ ይወርዳል። ክረምት የሚጠብቅ ገበሬ ያሳደገው ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ዘር ተዘርቶ የሚጥለውና አጨዳ ላይ የሚወርደው ዝናብ በመጠን አንድ ቢሆኑ ምን ይጠቅማል? አንዱ ያጠግባል፣ ሌላው ያስርባል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። ይህ ምሳሌ የፍርዱ መጠን አይለወጥም ይላል። ታልሙዱ እዚያው የብዙኃንን ጸሎት ከአንድ ሰው ጸሎት ይለያል፤ ለአንድ ሰው ፍርድ ከታተመ በኋላ መቀደዱ ከባድ ነው የሚሉ ድምፆችም አሉ። ስለዚህ «ፍርዱ ክብደት አለው» ቢሉ እስማማ ነበር። «ጸሎት ዋጋ የለውም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጥብቅ ነው የተባለው አስተያየት እንኳ ለጸሎትና ለንስሐ ቦታ ትቷል።

ጸሐፊው «ኡነታኔ ቶኬፍ» የተባለውን የበዓሉን ጸሎት ጠቅሰዋል። ማን ይኖራል፣ ማን ይሞታል፣ ማን በውሃ፣ ማን በእሳት የሚለውን። በእርግጥ ሰውነትን ያርዳል። ግን ጥቅሱን ከመሃል ቆርጠውታል። ያ ዝርዝር ሲያልቅ ጉባኤው በአንድ ድምፅ፣ ጮክ ብሎ ንስሐ፣ ጸሎትና ምጽዋት ክፉውን ፍርድ ያሳልፋሉ ይላል። ቀጥሎም እግዚአብሔር ሰውን እስከ ሞቱ ቀን ድረስ እንደሚጠብቀው፣ ከተመለሰ ወዲያው እንደሚቀበለው ይናገራል። የጸሎቱ ቃል «እስከ ሞቱ ቀን» ነው እንጂ «እስከ ዮም ኪፑር ማታ» አይደለም። ራምባም፣ ማለትም በ1204 እ.ኤ.አ. ያረፉት ረቢ ሞሼ ቤን ማይሞን፣ የሮሽ ሃሻናን ፍርድ ከማንም በላይ አክብደው የጻፉ ሰው ናቸው። እሳቸውም ሰው ዓመቱን ሙሉ ራሱን ግማሽ ጻድቅ፣ ግማሽ በደለኛ አድርጎ ማየት አለበት ይላሉ። አንድ ሥራ ሚዛኑን ለእሱም ለዓለምም ያዘነብለዋል። ዓመቱን ሙሉ ነው ያሉት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ቃሉ ስለሚደጋገም ልመና አይደለም ወደሚለው። እዚህ ላይ በከፊል እስማማለሁ። የጸሎት መጽሐፉን፣ ሲዱሩን ከፍቶ፣ ከንፈሩ እየሮጠ፣ ልቡ ገበያ የሚውል ሰው ሞልቷል። ዓመቱን ሙሉ ምኩራብ ሳይረግጥ ለሮሽ ሃሻናና ለዮም ኪፑር ብቻ ብቅ የሚልም ብዙ ነው። ግን ይህን አደጋ እኛ ራሳችን ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን። በሚሽና ረቢ ኤሊዔዘር ጸሎቱን እንደ ተቆረጠ ግዴታ የያዘ ሰው ጸሎቱ ልመና አይደለም ብለዋል። በዚያው ምዕራፍ ራባን ገምሊኤል ሰው በየቀኑ አሥራ ስምንቱን ቡራኬ ይጸልይ ሲሉ፣ ረቢ ይሆሹዓ አሳጥሮ ይጸልይ ይላሉ። ረቢ አቂባ ደግሞ አፉ ላይ ከቀናለት ሙሉውን፣ ካልሆነለት አጭሩን ይላሉ። እንዲህ የሚከራከሩ ሰዎች የሚጨነቁት ለልብ ነው።

ደግሞስ የሚደጋገመው ቃል ምን ይላል? ቆመን የምንጸልየው አሚዳ በሥራ ቀን 19 ቡራኬ አለው። ጥንት 18 ስለነበሩ እስከ ዛሬ «ሽሞኔ ኤስሬ» ይባላል፤ አሥራ ስምንት ማለት ነው። መሃል ላይ ያሉት 13ቱ ልመናዎች ናቸው። አራተኛው ማስተዋልን ይለምናል። አምስተኛው ንስሐን፣ ስድስተኛው ይቅርታን። ስምንተኛው ፈውስን፣ ዘጠነኛው ዝናብንና የምድርን በረከት። አሥራ አንደኛው ትክክለኛ ዳኞችን ይለምንና እግዚአብሔርን ጽድቅንና ፍርድን የሚወድ ንጉሥ ብሎ ያበቃል። በዓል በሌለበት በተራ ማክሰኞ፣ ጠዋት ይቅር በለን፣ ከሰዓት ይቅር በለን፣ ማታ ይቅር በለን የሚል ሰው ጉዳዩ በመስከረም ተዘግቷል ብሎ ያምናል? ጸሎቱ ትርጉም የሚኖረው ዛሬም ተጠያቂ ከሆነ፣ ዛሬም የሚሰማው ካለ ብቻ ነው። በሮሽ ሃሻናና በዮም ኪፑር መካከል ባሉት አሥር ቀናት የዚያ የአሥራ አንደኛው ቡራኬ ማብቂያ «የፍርድ ንጉሥ» ወደሚል ይቀየራል። ቡራኬው ያው ነው። ፍርድ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበረ፤ በእነዚያ ቀናት ጎላ ብሎ ይነገራል።

በዚያ ላይ ሕጉ ለግል ልመና በር ከፍቷል። በፈውሱ ቡራኬ ላይ የታመመ ዘመድህን ስም ትጠራለህ። ጸሎትን ስለሚሰማ አምላክ በሚናገረው በአሥራ ስድስተኛው ላይ የልብህን ሁሉ ትናገራለህ፣ በራስህ ቋንቋ። በአማርኛ የሚናገሩትን እኔ ራሴ አውቃለሁ።

የዝናቡ ልመና ደግሞ የተለየ ነገር አለው። በእስራኤል ምድር የሚጀመረው ሱኮት ካለፈ ከ15 ቀን በኋላ፣ ሔሽቫን 7 ላይ ነው። ምክንያቱን ሚሽና ይነግረናል፦ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የወጣው የመጨረሻው መንገደኛ ኤፍራጥስ ወንዝ እስኪደርስ። ዝናብ በጣም ያስፈልጋል፤ ግን አንድ ሰው መንገድ ላይ እንዳይበሰብስ ሕዝቡ ሁሉ ልመናውን ያዘገያል። ጸሎቱ ባዶ ንባብ ቢሆን የመንገደኛው ነገር ማንን ያሳስብ ነበር? ዝናብ ለምነን ዝናብ ይመጣል ብለው ስላመኑ ነው የጠበቁት።

ለአንባቢም አንድ ነገር ልጠይቅ። በየቀኑ አባታችን ሆይ የሚደግም ክርስቲያን፣ በየሶላቱ ፋቲሐ የሚቀራ ሙስሊም ቃሉ ስለተደገመ አልለመነም ይባላል? ጸሐፊው ይህን የሚሉ አይመስለኝም። ታዲያ ለእኛ ብቻ ለምን?

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ከባዱ ነው። ጸሐፊውን የማከብራቸውም በእሱ ነው። ፍጹም ፈራጅ ፍርዱን እንዴት ይለውጣል?

ጥያቄው አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል። የተፈረደበት ሰው ያው ነው ብሎ ያስባል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን የኖረው ፈላስፋ ዮሴፍ አልቦ ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ መልሷል። ፍርዱ የሚወጣው በሰውየው ሁኔታ ላይ ነው ይላል። ሰውየው በጸሎትና በንስሐ ሌላ ሁኔታ ውስጥ ሲገባ ያ ፍርድ አይመለከተውም። የፈጣሪ ፈቃድ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውየው ነው። እኔ ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ። ሰውየው ተለውጦ ሳለ አሮጌውን ፍርድ ማስፈጸም ነው ፍትሕ የሚጎድለው። የጸሐፊው ሙግት ፈራጁን ፍጹም አደርጋለሁ ብሎ ዓይኑን ሰው ላይ እንዳያደርግ ይከለክለዋል።

ኦሪትና ነቢያት በዚህ የተሞሉ ናቸው። ዮናስ ነነዌ ገብቶ በ40 ቀን ውስጥ ትገለበጣለች አለ። «ካልተመለሳችሁ» የሚል ቃል አልጨመረም። ሰዎቹ ተመለሱ፤ ከተማዋ ተረፈች። ይህን መጽሐፍ የምናነበው መቼ ነው? በዮም ኪፑር ከሰዓት በኋላ፣ መዝገቡ ሊታተም ነው በሚባልበት ሰዓት። ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ትሞታለህ ብሎት ወጣ። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጸለየ። ነቢዩ ከግቢው ሳይወጣ ተመለስ ተባለ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ታልሙድ ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ስለታም ሰይፍ በሰው አንገት ላይ ቢያርፍ እንኳ ምሕረት ከመለመን አይቆጠብ ይላል። ሕጉን በግልጽ ያስቀመጠው ደግሞ ኤርምያስ 18 ነው። እነቅላለሁ፣ አፈርሳለሁ ያልኩት ሕዝብ ከክፋቱ ቢመለስ እኔም ካሰብኩት ክፉ ነገር እመለሳለሁ ይላል እግዚአብሔር። እንግዲህ «ከለወጠ ተሳስቶ ነበር» የሚለው የጸሐፊው ሎጂክ ውሃ አያነሳም። ፈራጁ ራሱ ከመጀመሪያው እንዲህ እፈርዳለሁ ብሎ ነግሮናል።

አሁን ጸሐፊው ቢያዩት የምመኘው ነገር ላይ ደረስኩ። በሮሽ ሃሻና የመጀመሪያ ቀን፣ በዚያ አስፈሪ የፍርድ ቀን፣ በምኩራብ ምን ይነበባል? የፍርድ ቤት ታሪክ አይደለም። ሁለት ጸሎቶች ናቸው። ከኦሪት ዘፍጥረት 21 ይነበባል። አጋር ከልጇ ጋር ተባርራ በምድረ በዳ ውሃ አልቆባታል። ልጁን ቁጥቋጦ ሥር ጥላ፣ ሲሞት አልይ ብላ ርቃ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እግዚአብሔርም የብላቴናውን ድምፅ «ባለበት ስፍራ» ሰማ ይላል። ረቢ ይስሐቅ ከዚህ ቃል ሰው የሚፈረደው በዚያች ሰዓት ባለው ሥራው ነው የሚል ትምህርት አውጥተዋል። ልጁ ነገ ምን ይሆናል፣ ዘሩ ምን ያደርጋል ተብሎ አልተመዘነም። ዛሬ፣ እዚህ፣ ተጠምቶ የሚያለቅስ ልጅ ነው። በፍርድ ቀን የምናነበው ይህን ነው፤ ያውም ስለ ይስሐቅ ሳይሆን ስለ እስማኤል።

ከነቢያት ደግሞ የሐና ታሪክ ይነበባል። መካኒቱ ሐና በሴሎ መቅደስ ቆማ ትጸልያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ይቆጣታል። እሷ አልሰከርኩም፣ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰስኩ ነው ትለዋለች። የታልሙድ ሊቃውንት የጸሎትን ሕግ ከማን ተማሩ? ከነቢይ ወይም ከንጉሥ አይደለም፤ ከዚህች ሴት ነው። የሚጸልይ ሰው ልቡን ያቅና፤ ከሐና። ቃሉን በከንፈሩ ይናገር፤ ከሐና። ድምፁን ከፍ አያድርግ፤ ከሐና። ዛሬ ማንም ሰው አሚዳን በለሆሳስ ሲጸልይ የሐናን አጸላለይ እየተከተለ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው የለያዩዋቸውን ሁለት ነገሮች እዩ። የዕለቱን ጸሎት ያስተማረችን ሴት ታሪኳ የሚነበበው በፍርድ ቀን ነው። የፍርዱ ቀንና ተራው ማክሰኞ የሚጸልዩት አንድ ጸሎት ነው።

ጸሎት ሁሌ ይሠራል እያልኩ አይደለም። ሙሴ የተስፋይቱን ምድር ልግባ ብሎ ለመነ፤ ይበቃሃል፣ ከእንግዲህ አትናገረኝ ተባለ። ዳዊት ለታመመው ልጁ ጾመ፤ ልጁ ሞተ። ሊቃውንቱም የጸሎትን ወሰን አስቀምጠዋል። ሚሽና ስላለፈ ነገር የሚጮህ ሰው ጸሎቱ ከንቱ ነው ይላል። ምሳሌም ይሰጣል፦ ሰውየው ከመንገድ ሲመለስ ከከተማው የልቅሶ ጩኸት ሰማ፤ የእኔ ቤት አይሁን ብሎ ቢጸልይ ይህ ከንቱ ጸሎት ነው። የሆነው ሆኗል። የጸሐፊው «ጅብ ከሄደ» የሚገባው እዚህ ነው። ገና ያልሞተ በሽተኛ፣ ገና ያልጣለ ዝናብ፣ ገና ያልተመለሰ ልብ ግን ያለፈ ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ ይህን ልዩነት ያውቁታል። ጸሐፊው ነው የቀላቀሉት።

የአይሁድ አምላክ ዳኛ ብቻ ነው የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ረቢ አቂባ በድርቅ ጊዜ ቆመው «አባታችን፣ ንጉሣችን» ብለው ጸለዩ፤ ዝናብም ጣለ ይላል ታልሙድ። ያ ጸሎት እስከ ዛሬ በአሥሩ የንስሐ ቀናት ይጸለያል፤ አባትነቱ ከንጉሥነቱ ቀድሞ ይጠራል። ሌላ ቦታ ታልሙድ እግዚአብሔር ራሱ ይጸልያል ይላል፤ ምሕረቴ ቁጣዬን ታሸንፍ ብሎ። ከዚህ በላይ ደፋር ቃል አላውቅም። እውነት ነው፣ ፈራጅነቱ ለስላሳ አይደለም። ሚሽና ዮም ኪፑር ሰው በባልንጀራው ላይ የሠራውን በደል አያስተሰርይም፤ መጀመሪያ ሄዶ ባልንጀራውን ይቅርታ መጠየቅ አለበት ይላል። ወዛደሩን ደሞዝ ከልክሎ በምኩራብ ደረቱን የሚመታ ሰው ምንም አላደረገም። ግን ይህ ለተበደለው ሰው ምሕረት አይደለም? መዝሙር 96 እግዚአብሔር በምድር ሊፈርድ ይመጣልና ሰማያት ደስ ይበላቸው፣ የዱር ዛፎችም ይዘምሩ ይላል። በየዓርብ ማታ ሰንበትን ስንቀበል በብዙ ምኩራቦች ይህን እንዘምራለን። ፍርድ የሚያስፈራው በዳዩን ነው። የተበደለው ሰው ሲጠብቀው የኖረ ዜና ነው።

የመጨረሻው ነጥብ እኛን ይመለከታል። ጸሐፊው ግማሹ ላይ ልክ ናቸው። በኢትዮጵያ ታልሙድ አልነበረንም። አባቶቻችን አሚዳን አያውቁም ነበር፤ ቄሶቻችን በግዕዝ ይጸልዩ ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን 23ም የሰባተኛውን ወር መጀመሪያ ቀን የመለከት መታሰቢያ ይለዋል እንጂ የፍርድ ቀን አይለውም። ይህን እቀበላለሁ። ያንን ቀን እኛ ብርሃን ሠረቀ ብለን እናከብር ነበር። የሦስቱን መዝገቦች ትምህርትም ከረቢዎች ነው የሰማነው።

ግን ጸሐፊው ቤተ እስራኤልን ምስክር ከጠሩ ምስክርነቱን ሙሉ ይስሙ። በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን አስተስርዮ ነበረን፤ በጾምና በጸሎት የሚውል ቀን። ያ ቀን በዓመት አንዴ መጥቶ የሚረሳም አልነበረም። በየወሩ አሥረኛው ቀን «አሥርት» ተብሎ መታሰቢያው ይደረግ ነበር። «ትእዛዘ ሰንበት» በተባለው የግዕዝ መጽሐፋችን ሰንበት እንደ ሰው ሆና በፈጣሪ ፊት ለሰዎች ትማልዳለች፤ በሲኦል ላሉት ኃጥአን ሳይቀር ዕረፍት ታስገኛለች። ይህ ፍርድን የማያውቅ ሕዝብ እምነት ነው? ፍርድን አውቆ በየወሩ፣ በየሳምንቱ ምሕረት የሚለምን ሕዝብ እምነት ነው።

ሰግድ የተባለው በዓላችን ደግሞ አለ። የሚውለው ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ፣ ሔሽቫን 29 ነው። በአምቦበርና በሌሎች የጎንደር መንደሮች ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጣ ነበር። ትሕትናን ለማሳየት ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም ነበር። እላይ የሲና ቃል ኪዳን ይነበባል። ነህምያ 9ም ይነበባል፤ ሕዝቡ ቆመው ኃጢአታቸውንና የአባቶቻቸውን በደል የተናዘዙበት ምዕራፍ። ከዚያ ወርዶ ጾሙ ይፈታል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል። የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ሰግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ዛሬ በኢየሩሳሌም፣ በአርሞን ሃናጺቭ፣ ቄሶቻችን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ያንኑ ይጸልያሉ። የጸሐፊው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ይህ ሕዝብ መዝገቡ ከተዘጋ ከ50 ቀን በኋላ ተራራ ወጥቶ ማንን ይለምን ነበር?